ከአሥመራ እስከ ዱከም፦ የመረጥነውን ማን ጠየቀው?

መጋቢት 16 ቀን 1944 ዓ.ም. የአሥመራና የምፅዋ ወንዶች ማልደው ወደ ምርጫ ጣቢያ ወጡ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ፣ የአገሩ ተወላጅና የከተማው ነዋሪ የሆነ ወንድ ድምፅ መስጠት ይችላል ተብሎ ታውጇል። ምርጫው በማግስቱም ይቀጥላል። ተራው የደረሰው ይገባል፤ ማንም ሳያየው ይመርጣል፤ ይወጣል። ዛሬ ለእኛ ተራ ነገር የሚመስለው ይህ አሠራር በኤርትራ ምድር ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ጣሊያን ሃምሳ ዓመት ሲገዛ አገሬውን ድምፅህን ስጥ ብሎት አያውቅም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን አሸንፎ የገባው እንግሊዝም አገሩን ያስተዳደረው በአዋጅና በሹመት ነበር። አሁን ግን ሕግ የሚያወጣ፣ ስሙ ምክር ቤት የሆነ ሸንጎ ሊቋቋም ነው።

ያን ቀን ሴቶቹ ቤት ቀሩ። በአሥመራ ፋብሪካ ገብታ የምትሠራው፣ ገበያ ላይ ነግዳ ቤተሰብ የምታስተዳድረው፣ ባሏ የሞተባትና ርስት የምትጠብቀው ሁሉ በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበራትም።

ይህን የሰሜን ታሪክ ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ በናዝሬት መንገድ ላይ ከተቆረቆረችው ዱከም ላይ ሆኖ ማንሳት ነገርን ከሩቅ መጎተት ሊመስል ይችላል። ዱከምን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሥጋ ቤቶቿ፣ ከጅቡቲ በሚመጡና ወደ ጅቡቲ በሚወርዱ ከባድ መኪኖች፣ ከዚያም በፋብሪካዎቿ ነው። ነገር ግን የአድአና የዱከም ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴውን እንዲመርጥ የፈቀደው ሕግ የመጣው ከአሥመራው ምርጫ በኋላ ነው፤ ከመጣበትም ምክንያት አንዱ አሥመራ ነበረች። ሁለቱን ምርጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ያገኛል። ሕዝብ ሰው መርጦ ከላከ በኋላ ያን ሰው የሚጠብቀውና የሚጠይቀው ማን ነው?

በባይቶና በጎሳ የተመረጡ መራጮች

የኤርትራ ጉዳይ ከጦርነቱ በኋላ የዓለም ራስ ምታት ሆኖ ነበር። አራቱ ኃያላን መንግሥታት መስማማት ሲያቅታቸው ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመራ። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ቁጥር 390 ተብሎ የሚታወቀውን ውሳኔ አሳለፈ። ኤርትራ የራሷ አስተዳደር ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትዋሃድ ተባለ። ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቅቅና ሽግግሩን እንዲመራ የቦሊቪያው ኤድዋርዶ አንሴ ማቲዬንዞ ተሾመ። ረቂቁን የሚመረምርና የሚያጸድቅ የሕዝብ ምክር ቤት ስለሚያስፈልግ ምርጫ እንዲካሄድ ተወሰነ።

ጊዜው ሰላማዊ አልነበረም። ከኢትዮጵያ ጋር አንድነት የሚፈልገውና ነፃነት የሚሻው ወገን ለዓመታት ሲፋለሙ ቆይተዋል። ቦምብ ይወረወራል፤ ሽፍታ መንገድ ይዘጋል፤ የፖለቲካ ሰው በመንገድ ላይ ይተኮስበታል። የነፃነት ወገን መሪና ጋዜጠኛ የነበሩት ወልደአብ ወልደማርያም ሰባት ጊዜ የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸው ተርፈዋል። እንግሊዞች ሰኔ 12 ቀን 1943 ዓ.ም. ለሽፍቶች ምሕረት አውጀው አገሩ በረድ ባይል ኖሮ ምርጫውን ማካሄድም ከባድ ይሆን ነበር።

ከአሥመራና ከምፅዋ ውጭ ያለው ሕዝብ የመረጠበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር። በገጠርና በቆላው ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጠም። በደጋው እያንዳንዱ መንደር፣ በቆላው ደግሞ እያንዳንዱ ጎሳ ወይም የዘር ሐረግ በባህሉ መሠረት ተሰብስቦ ወኪሎቹን ይሰይማል። ወኪሎቹ በምርጫ ክልላቸው ተገናኝተው በምስጢር ድምፅ እንደራሴውን ይመርጣሉ። የደጋው ሰው ለዚህ አሠራር እንግዳ አልነበረም። ባይቶ የሚባለው የመንደር ሸንጎ ግጦሽ ሲከፋፈል፣ ርስት ሲደለደል፣ ነፍሰ ገዳይ ሲታረቅ ኖሯል። በጽሑፍ የሰፈሩ የአካባቢ ሕጎችም ነበሩት። ስለዚህ ወኪል መሰየሙን ያውቅበታል። አዲሱ ነገር የተሰየመው ሰው ከመንደሩ ወጥቶ ለመላው አገር ሕግ ሊያወጣ መሄዱ ነበር።

በቆላው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የትግረ ተናጋሪው ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ለዘመናት ለጥቂት የጌቶች ቤተሰቦች እየገበረና እያገለገለ የኖረ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ሕዝብ ግብር አንሰጥም፣ አናገለግልም ብሎ ተነሣ። ከእንቅስቃሴው መሪዎች አንዱ የነበሩት ኢብራሂም ሱልጣን በ1939 ዓ.ም. ከረን ላይ የተመሠረተውን የሙስሊም ሊግ ዋና ጸሐፊ ሆነው መሩ። እንግሊዞችም ግፊቱ ሲበረታ የነባሮቹን ጌቶች ሥልጣን አፍርሰው የገባሩን ጎሳዎች በራሳቸው አለቆች ሥር አደራጁ። በ1944 ዓ.ም. ወኪሎቻቸውን የሰየሙት እነዚህ አዲስ የተቋቋሙ ጎሳዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጌታውን ከብት ሲያልብ የነበረ ሰው አሁን እንደራሴ የሚመርጥ ሆነ።

68 ወንበሮች

ምክር ቤቱ 68 ወንበሮች ነበሩት። የሕዝቡ ቁጥር በጊዜው አንድ ሚሊዮን ገደማ ይገመት ስለነበር ለ15 ሺህ ሰው ያህል አንድ እንደራሴ ማለት ነው። ውጤቱ ሲታይ 34ቱ ክርስቲያን፣ 34ቱ ሙስሊም ሆኑ። በፓርቲ ሲቆጠር የአንድነት ማኅበሩ 32፣ የዴሞክራሲ ግንባር የተባለው የነፃነት ወገን 18፣ የምዕራብ ቆላው የሙስሊም ሊግ 15 ወንበር አገኙ፤ ቀሪዎቹን ሦስቱን ሌሎች ወሰዱ። ማንም ብቻውን መግዛት አልቻለም። ለመወሰን መነጋገር፣ ለመነጋገርም መቻቻል ግድ ሆነ። ለጀማሪ ምክር ቤት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ሚያዝያ 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተከፈተ። የአንድነት ማኅበሩ መሪ ተድላ ባይሩ ፕሬዚዳንት፣ የምዕራብ ቆላው ሼክ ዓሊ ሙሳ ራዳይ ምክትል ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በኋላ እንደራሴዎቹ የተከራከሩባቸው ነገሮች ከባድ ነበሩ። የኤርትራ የሥራ ቋንቋ ምን ይሁን? ትግርኛና ዓረብኛ ሆነ። ኤርትራ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ ይኑራት ወይ? ሰማያዊ መደብ ላይ የወይራ ቅጠል ያለበት ሰንደቅ ተወሰነ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ይሁን? ኋላ አገር ያፈረሰው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነው። ሐምሌ 3 ቀን ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አጸደቀ። መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የፌዴሬሽኑን ድንጋጌ ፈረሙ፤ መስከረም 5 ቀን እንግሊዝ አስተዳደሩን አስረክቦ ወጣ።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ምክር ቤት፣ ሕጋዊ ፓርቲ፣ የሠራተኛ ማኅበርና መንግሥትን የሚነቅፍ ጋዜጣ አንድ ላይ የነበሩት ኤርትራ ብቻ ነው። ይህ እውነት ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንደ ጌጥ አልታየም፤ እንደ እሾህ ታየ።

ምክር ቤቱ የሞተው በአንድ ቀን አይደለም

ነገሩ በትንሽ በትንሹ ነበር የተሸረሸረው። ጉምሩኩ፣ ወደቡና ባቡሩ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ገቡ፤ ምክር ቤቱ ከጉምሩክ ገቢ የሚገባኝ ድርሻ የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ የሚያረካ መልስ አላገኘም። የነፃነት ወገን ልሳን የነበሩ ጋዜጦች ተከሰሱ፣ ተዘጉ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ በ1947 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ፊት ባደረጉት ንግግር ለእሳቸው መሥሪያ ቤት የኤርትራ የውስጥ ጉዳይ የሚባል ነገር እንደሌለ በግልጽ ተናገሩ። ንግግሩን የሰማ እንደራሴ ሁሉ ወንበሩ ከሥሩ ሲነቃነቅ ተሰምቶት መሆን አለበት። በዚያው ዓመት ክረምት ተድላ ባይሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ በቦታቸው አስፍሃ ወልደሚካኤል ተተኩ። በ1950 ዓ.ም. በአሥመራና በምፅዋ የተጠራው የሥራ ማቆም አድማ በጥይት ተበተነ። በ1951 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማው ወረደ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑን ፍጻሜ የሚያበስረው መግለጫ በምክር ቤቱ ተነበበ። ድምፅ በወጉ ተሰጥቶበት ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቤቱ ከተከፈተ አሥር ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር።

በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች መጨረሻ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ይናገራል። ከተድላ ባይሩ በኋላ ምክር ቤቱን በፕሬዚዳንትነት ከመሩት አንዱ ኢድሪስ መሐመድ አደም በ1952 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የኤርትራ ነፃ አውጪ ግንባርን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ሐሚድ ኢድሪስ ዓዋተ የመጀመሪያዋን ጥይት ተኮሰ። የአንድነቱ ቀንደኛ መሪ ተድላ ባይሩ ራሳቸው በስዊድን አምባሳደር ከነበሩ በኋላ ከዚሁ ግንባር ጋር ተቀላቀሉ። በክርክር ሊያልቅ የሚችለው ነገር ሠላሳ ዓመት ጦርነት ሆነ። ከደቡብና ከመሀል አገር የሄደ የገበሬ ልጅ ናቅፋና አፍአበት ቀረ፤ የደጋና የቆላው የኤርትራ ልጅም እንዲሁ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ከዚያ ወዲህም በኤርትራ አገር አቀፍ የምክር ቤት ምርጫ አልተካሄደም።

ከመረብ ወዲህ

አሁን ወደ ሸዋ እንምጣ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚባል ነበረው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ይመርጣሉ የሚል ነበር። ያ «እስኪችል ድረስ» የተባለው ጊዜ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆየ። ፌዴሬሽኑ ሲመጣ ግን ነገሩ አስቸጋሪ ሆነ። በአንድ ዘውድ ሥር ያሉ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ እንደራሴውን ይመርጣል፤ ሌላው ይሾምለታል። ይህ ለዓለምም ለራስም የሚያሳፍር ነበር። የውጭ ጉዳይ አማካሪው አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ከእነ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር የሠራበት ቡድን ያረቀቀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ታወጀ።

በዚህ ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 የሞላ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሴትም የመምረጥ መብት አገኘ። በዚህ በኩል አሥመራ የነፈገችውን አዲስ አበባ ሰጠች። በመስከረም 1950 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ ለ210 ወንበሮች ውድድር ሲደረግ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ጣሊያንን በአርበኝነት የታገሉ፣ በአዚናራ ደሴት የታሰሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው።

ነገር ግን አሥመራ የነበራትና አዲስ አበባ የነሣችው ሌላ ነገር አለ። ፓርቲ አልተፈቀደም። ሁሉም በግሉ ይወዳደራል። የላይኛው ቤት፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በሙሉ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር። በምርጫ ክልሉ ውስጥ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሌለው ሰው ዕጩ መሆን አይችልም።

ጭሰኛው ሊመርጥ ይችላል፤ ሊመረጥ አይችልም

ይህን ድንጋጌ ዱከም ላይ አውርደን እንየው። በሰሜን ይረር ተራራ፣ በደቡብ ዝቋላ፣ በመካከሉ የተዘረጋው ጥቁር አፈር በነጭ ጤፉ የታወቀው የአድአ መሬት ነው። በ1950 ዓ.ም. እዚህ ከሚያርሰው ገበሬ ብዙው ጭሰኛ ነበር። እንደ ውሉ ሲሶ፣ ሲብስም እኩል ለባለመሬቱ ይሰፍራል፤ አሥራቱንም እሱ ይከፍላል፤ በባለርስቱ ቤት ሥራ ሲኖር ይጠራል። ባለመሬቱ ተነሥ ካለው መነሣት ነው።

እንግዲህ ምርጫ መጣ ተባለ። ጭሰኛው ዕድሜው 21 ስለሞላ ድምፅ አለው። የሚያርሳት መሬት ባለቤት ስላልሆነ ግን ንብረት የለውም፤ ንብረት ስለሌለው ዕጩ ሊሆን አይችልም። ከፊቱ የሚቀርቡለት ዕጩዎች ባለመሬቶች፣ ባላባቶችና ነጋዴዎች ናቸው። እህሉን ከሚሰፍርለት ሰው ወይም ከዘመዱ አንዱን ይመርጣል። ማንን መረጥክ ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ በማግስቱ ከመሬቱ ሊያስነሣው የሚችለው ሰው ነው። በቆላው ኤርትራ ገባሩ ከጌታው ከተለየ በኋላ ነበር ወኪሉን የሰየመው። በአድአ ግን ገባሩ ከጌታው ሥር ሆኖ መረጠ።

ከዚያ የወጣው ምክር ቤት ምን ሠራ ቢባል ፈዞ የተቀመጠ አልነበረም። እንደራሴዎቹ በጀት ይመረምራሉ፤ ሚኒስትር አስጠርተው ያፋጥጣሉ። የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በብርቱ ተከራክረውበታል፤ አዋጁ ሲወጣም ጎጃም አመፀ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚወስነው ረቂቅ ሕግ ግን እየተመላለሰ ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ምክር ቤቱ ወጥተው «መሬት ላራሹ» ያሉት ይህንኑ ጉዳይ ይዘው ነው። ቤቱ ሊሰማቸው አልቻለም፤ የመሬቱ ባለቤቶች ከውስጥ ተቀምጠዋልና። በአርሲ ጭላሎ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ሲነቀል የሚጮህለት እንደራሴ አላገኘም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ መሬቱን ያወጀለት ምክር ቤት አልነበረም፤ ምክር ቤቱን የበተነው ወታደራዊ መንግሥት ነበር። የሕዝብ ጥያቄ በተመረጡ ሰዎች ክርክር መመለስ ሲያቅተው መሣሪያ በያዘ ሰው ይመለሳል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ያው ሕዝብ ነው።

የዱከም መሬት እንደገና

መሬቱ የገበሬው ሆነ ሲባል ጉዳዩ አላበቃም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዱከም ተለወጠች። ቻይናውያን ያቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ተከፈተ፤ በ2004 ዓ.ም. የሁዋጂየን ጫማ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ብዙ ወጣት ሥራ አገኘ፤ ከተማዋ ሰፋች። የሰፋችው ግን በእርሻ መሬት ላይ ነው።

ገበሬው ሲነሣ ምን ይከፈለው ነበር? ይህን የወሰነው ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይከፈለዋል ይል ነበር። ነገሩን በቅርብ እናስላው። አንድ አባወራ አራት ልጆች አሉት እንበል። መሬቱ እሱን አኑሮ ልጆቹንም ሊያኖር ነበር። በዚያ ሕግ ግን የሚያገኘው የአሥር ዓመት ምርቱን ግምት ነበር፤ ያውም ባለፉት ዓመታት የጤፍ ዋጋ ተሰልቶ። ከአሥር ዓመት በኋላ የት ይግባ? ብሩን ባንክ ቢያስቀምጥ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ንግድ ቢሞክር አያውቅበትም። ያው መሬት በሊዝ ሲተላለፍ በካሬ ሜትር የሚጠራውን ዋጋ ሲሰማ ደግሞ ልቡ ይቆስላል። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በዱከም ዙሪያ ይህ ታሪክ በየቤቱ አለ። ትላንት ጎተራ የነበረው ሰው ቀድሞ ማሳው በነበረ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል።

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ እንደራሴ ነበር ወይ? በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ያዙ። በክልሉ ምክር ቤት በጨፌ ኦሮሚያም ተቃዋሚ የሚባል አልገባም። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። መነሻው አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድ የሚያቅደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ፤ ቁጣው ግን አልበረደም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዱከም ጎረቤት በሆነችው ቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ የደረሰውን እልቂት የማያስታውስ የለም። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ሁሉም ወንበር የአንድ ወገን በሆነበት ቤት ውስጥ አንድ የዱከም እንደራሴ ተነሥቶ «የተነሣው ገበሬ የት ገባ?» ብሎ በይፋ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ሌሎቹም ቢደግፉት፣ ሚኒስትሩም መልስ ለመስጠት ቢገደድ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ይፈስ ነበር? ሙሉ በሙሉ ባይቀር እንኳ ብዙው ይቀር እንደነበር በጽኑ አምናለሁ። ማስረጃዬም የኋለኛው ታሪክ ነው። ከተቃውሞውና ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የካሣውን ስሌት ከአሥር ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው፤ የሚታሰበውም ባለፉት ሦስት ዓመታት በተገኘው ከፍተኛ ገቢ ሆነ። ሕጉ ሊሻሻል የሚችል ነበር ማለት ነው። የተሻሻለው ግን ብዙ ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሳጥን

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ሲካሄድ በአገሪቱ የተመዘገበው መራጭ ከ37 ሚሊዮን በላይ ነበር። በኦሮሚያ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የመራጭነት ካርዱን ያሳያል፤ ስሙ ከመዝገብ ይታያል፤ ጣቱ ላይ ቀለም ይደረግለታል፤ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለጨፌ ነው። ከመከለያው ጀርባ ገብቶ ምልክት ያደርጋል፤ አጥፎ በየሳጥኑ ይከታል። ያን ቀን ሰልፉ ስላላለቀ ምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። ጣቢያው ሲዘጋ አስፈጻሚዎቹ እዚያው ሳጥኑን ከፍተው ታዛቢ ባለበት ይቆጥራሉ፤ ውጤቱን ፈርመው በጣቢያው በር ላይ ይለጥፋሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው። የ1944ቱ የአሥመራ መራጭ ቢያየው ያውቀዋል፤ ሴቶች በሰልፉ ውስጥ መኖራቸው ብቻ ይገርመው ይሆናል።

ነገር ግን ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ወጥተው ስለነበር በኦሮሚያ በበርካታ የምርጫ ክልሎች መራጩ የሚያማርጠው ጠፋ። በአገር ደረጃ ውጤት ከተነገረባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ብልጽግና ፓርቲ አሸነፈ። ወረቀቱና ሳጥኑ ዘምኗል። ከወረቀቱ ላይ የሚመረጠው ግን ጥቂት ነበር።

አደራው የማን ነው?

ከአሥመራ እስከ ዱከም ያለውን ሁሉ ስናይ ምርጫ አላጣንም። ያጣነው ከምርጫው ማግሥት ጀምሮ ያለውን ሥራ ነው። የ1944ቱ ምክር ቤት በጥሩ ሁኔታ ተመርጦ ነበር፤ ሥልጣኑ ሲሸረሸር ግን የሚከላከልለት ኃይል አላገኘም። የ1950ው ምክር ቤት መራጩ ባለዕዳ፣ ተመራጩ ባለመሬት ስለነበር ትልቁን ጥያቄ መመለስ አቃተው። የ2007ቱ ምክር ቤት ሁሉም አንድ ቃል የሚናገርበት ቤት ስለነበር የገበሬውን ጩኸት የሰማው ከመንገድ ነው። ሦስቱም ዘንድ ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰጠውን አደራ የሚከታተልበት መንገድ አልነበረውም፤ ወይም ያለውን አልተጠቀመበትም።

ዛሬ በወረቀት ላይ መንገድ አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 54ም የምክር ቤት አባል የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ከአባልነት እንደሚወገድ ይናገራል። ይህ ሥልጣን የአንተ፣ የአንቺ ነው። ነገር ግን የማታውቀውን ሰው እምነት አጣሁበት ልትለው አትችልም።

ስለዚህ በዱከምም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ያለህ አንባቢ፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር አጣራ። በተወካዮች ምክር ቤትና በጨፌ የሚወክልህ ሰው ስሙ ማን ነው? ባለፈው ዓመት ምን ጠየቀ? የካሣ ሕጉ ሲነሣ የት ቆመ? ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋና ተወካዩ ወደ መራጩ ሲወርድ በስብሰባው ላይ ተገኝ፤ ጥያቄህን በጽሑፍ ስጥ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። እናት፣ አንቺም ተገኚ፤ የአሥመራዎቹ ሴቶች የተነፈጉትን መብት ይዘሽ ቤት አትቅሪ። ወጣቱም በሚቀጥለው ምርጫ ከመምረጥ አልፎ ለመወዳደር ይዘጋጅ፤ ዛሬ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ ርስት አምጣ የሚለው የለም።

ጠያቂ የሌለው ምክር ቤት ይሞታል፤ ምክር ቤት ሲሞት ደግሞ ጥያቄው አብሮ አይሞትም፤ ጠመንጃ ይዞ ይመለሳል። ይህን በሰሜኑ ለሠላሳ ዓመት፣ በደጃችንም በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. አይተነዋል። ሦስተኛ ጊዜ ማየት የለብንም።